ፊደል መቁጠርና ማንበብ፤ ስለ መምህሩ ድርሻ

ሕፃናት ንባብ ሳያውቁ ክፍል ሲያልፉ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ልጁ ነው፤ «አያጠናም» ይባላል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የመምህሩን ድርሻ ነው።

ለዚህ ያነሣሣን በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልምምድ ሳለን የገጠመን ነገር ነው። አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ ስለ ተወጣችው «መልካም አንባቢ» ብለን መዘገብናት። በማግሥቱ ከዚያው ገጽ መካከል አንድ ቃል ብናሳያት ዝም አለች፤ ከዚያም ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በለሆሳስ እያለች እስከ ቃሉ ደረሰች። ለካ ገጹን የያዘችው በዓይንዋ ሳይሆን በጆሮዋ ኖሯል። ስሕተቱም የእኛ ነበር፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያስተጋባ ሰምተን ሁሉም ያነባል ብለን ነበርና።

ነገሩ የአንድ ክፍል ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሢሶው ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ስንኳ ማንበብ አልቻሉም።

አንዳንዶች ጥፋቱን በቄስ ትምህርት ቤት ላይ ይጥላሉ፤ ሽምደዳ ከዚያ የተወረሰ ነው ይላሉ። በዚህ አንስማማም። የኔታ ሀ ሁን በቃል ያስቆጥራሉ፤ ነገር ግን በዚያ አያበቁም። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ፣ ተራውን ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። የአሁኑ ክፍል ከዚህ ሥርዓት የኅብረቱን ድምፅ ወስዶ ፈተናውን ትቶታል።

«ልጆቹ ብዙ ናቸው» የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም በነበርንበት ክፍል ከ50 የሚበልጡ ነበሩ። ይሁን እንጂ በቄስ ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ ይህንንም መበደር ይቻላል።

የቀድሞው ትምህርት ጉድለት ሌላ ነው፤ ልጁ የማይሰማውን ግዕዝ ያነብ ነበርና ንባቡ ከትርጉም ተለየ። በኮልፌም በቤታቸው ጉራጌኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ የአማርኛውን ቃል በትክክል ቢጠራ ስንኳ «ምን ማለት ነው?» ተብሎ ካልተጠየቀ አነበበ ማለት አይቻልም።

ደግሞም 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። መምህሩ ለ‐ሉ፣ በ‐ቡ፣ ከ‐ኩ እያለ የካዕቡን ምልክት ቢያመለክት፣ እንደ ሩና ፉ ያሉትን ለይቶ ቢያሳይ፣ የልጁ ሸክም ይቀልላል።

እንግዲህ የምናሳስበው ቀላል ነው፤ መምህሩ በየዕለቱ ጥቂት ልጆችን ለየብቻ ይስማ፤ ከገጹም መካከል እየጀመረ ያስነብብ። ያችን ልጅ ከጓደኞችዋ ድምፅ ለይተን ባንሰማት ኖሮ፣ ማንበብ ሳትችል «መልካም አንባቢ» እንደ ተባለች ወደ 3ኛ ክፍል ባለፈች ነበር።