የማይነበበው ፊደል፤ ክታብና የስደተኞች ሠዓልያን ሥራ

በቀድሞው ዘመን ክታብ የሚያስጽፍ ሰው ወደ ደብተራው ዘንድ ሲሄድ ብራናው በቁመቱ ልክ ተቀጣጥሎ ይሰፋለት ነበር። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፥ የባለቤቱ የክርስትና ስም ግን ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ በመካከሉም ዓይናቸው የፈጠጠ የጠልሰም ሥዕሎች ይሣላሉ። ከዚህ በኋላ ተጠቅልሎ በቆዳ ውስጥ ይሰፋና በአንገት ይንጠለጠላል። የሚያስደንቀው ነገር፥ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ የማይችል መሆኑ ነው፤ ቢችልም እንኳ የተሰፋውን ፈትቶ አያነበውም። ፊደሉ ኃይል አለው የተባለው ስለሚነበብ ሳይሆን ከሰውዬው ጋራ ስለሚኖር ነው። ይህ ልማድ አስቀድሞ ካልታሰበ በቀር፥ አገራቸውን ለቀው በባዕድ አገር የኖሩት ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን በሸራ ላይ የሚያሰፍሩት የማይነበብ ፊደል ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስቸግራል።

የዚህ መንገድ ከፋች እስክንድር ቦጎስያን ነው። በ1937 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ ተወለደ፤ የአባቱ ወገን ትውልዱ ከአርመን ስለ ሆነ፥ ስሙ ራሱ የሌላ ስደት ማስታወሻ ነው ማለት ይቻላል። በ1955 ለትምህርት ወደ ሎንዶን ተልኮ፥ ከዚያም በፓሪስ ብዙ ዓመት ተቀምጦ፥ በ1966 ወደ አገሩ ተመለሰ። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ካስተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሺንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን በመምህርነት ኖረ፤ በ2003ም በዚያው ከተማ ዐረፈ። በ1964 በፓሪስ ሳለ የሠራው፥ «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው ሥዕል፥ በኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል። በጨለማው ሰማይ የሚያንዣብቡት ክንፋም ፍጥረታት የክታብ ዘመዶች ናቸው፤ ነገር ግን ከክታብ የተገለበጡ አይደሉም። እስክንድር ከአባቶቹ የወሰደው መልኩን ሳይሆን ሕጉን ነው፤ ይኸውም ሥዕል ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመጠበቅ የሚሠራ ነገር መሆኑን ነው።

በ1981 «የጊዜ ዑደት» ከተባሉት ሥራዎቹ ሦስተኛውን ሲሠራ የተጠቀመበት ነገር የአገሩ ብራና አልነበረም፤ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚበጅ፥ በኡጋንዳ የታወቀ ልብስ ነው እንጂ። ጠንካራ ነቃፊ ይህን አይቶ «ትዝታው ተሳሳተ» ይል ይሆናል። ፍርዱ ግን ችኩል ነው። ከጥቁር አሜሪካውያንና ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገር ተወላጆች ጋራ በአንድ ግቢ የሚውል ሰው «አገሬ» የሚለው ነገር ሳያስበው ይሰፋበታል፤ ልጡም ይህንኑ ይመሰክራል።

ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ ከፊደሉ ጋራ ፊት ለፊት ገጠመ። በ1950 በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ በ1972 በዚያው ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ፥ በ1980 እስክንድር በሚያስተምርበት በሀዋርድ ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ፤ ኑሮውንም በካሊፎርኒያ አደረገ። በሸራዎቹ ላይ ፊደል ይጎተታል፤ ይቆረጣል፤ ይገለበጣል። ፈረንጅ ተመልካች በዚህ ውስጥ የሚያምር መሥመር ያያል፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ግን እንዲያ ሊያይ አይችልም። የ«ለ» ቀኝ እግር ሲረዝም «ላ» ይሆናል፤ ግራው ሲረዝም «ሎ» ይሆናል፤ በወገቡ ላይ ቅጥል ሲወጣለት «ሉ» ይባላል። በዚህ ፊደል እግር ማስረዘም ድምፅ መለወጥ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው መሥመሩን በሳበ ቁጥር፥ በየኔታ ፊት በእንጨት እየጠቆመ የቆጠረ ሁሉ ሳይታወቀው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮውም ድምፅ ይጠብቃል። ድምፁ ግን አይመጣም። ቃሉ አፍ ላይ ደርሶ የሚቀርበት ይህ ሁኔታ፥ በባዕድ ቋንቋ መካከል የሚኖር ሰው በየዕለቱ የሚያውቀው ነው፤ የወሰኔ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን በአሜሪካ ተወልዶ ፊደል ያልቆጠረው ልጅ በዚያው ሸራ ፊት ከአባቱ አጠገብ ሲቆም እንደ ፈረንጁ መሥመር ብቻ ያያል። ለአባት የተሰበረ ቃል የሆነው ለልጅ ጌጥ ነው። ሥዕሉ ትዝታን ያቆያል ሲባል ይህም አብሮ መነገር አለበት። አንዳንዶቹ ሸራዎች ደግሞ ቀለማቸው እጅግ ከማማሩ የተነሣ፥ ፊደሉ እንደ ቀሚስ ጥበብ ዳር ዳሩን የሚያስጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ክታብ ባይነበብም ባለቤት ነበረው። ሲሸጥ እንኳ የቀድሞው ሰው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበት ነበር። በስደት ሥዕል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህ በቀይ ቀለም የሚጻፈው ስም ነው፤ ለማን እንደ ተጻፈ አይታወቅም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው አንድ ሥራ አለ። እስክንድር ከከበደች ተክለአብ ጋራ በ2001 በዋሺንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከአሉሚኒየም የሠሩት ቅርጽ ነው። ከበደች ዐሥር ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር የቆየች ሠዓሊና ባለቅኔ ናት። ቅርጹ ያለበት ሥፍራ ስደተኛው ጉዳዩን ለማስፈጸም የሚመጣበት ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ በየቀኑ በፊቱ ያልፋል።

ጁሊ ምሕረቱ በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በ1977፥ ልጅ ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ፥ ከቤተሰቧ ጋራ ወደ ሚሺጋን ሄደች። በሥራዋ የሚገነው ፊደል ሳይሆን የሕንጻና የከተማ ንድፍ ነው። በ2012 ያሳየችው «ሞጋማ» አራት ታላላቅ ሸራዎች ነው፤ ስሙን ያገኘው በካይሮ ታሕሪር አደባባይ ካለው፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከነበረው ሕንጻ ነው። በውስጡ የልዩ ልዩ አገሮች አደባባዮች ንድፍ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቧል፤ መስቀል አደባባይም ከእነዚያ መካከል ነው። እርሷ አገር ስትለቅ ያ ሥፍራ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ የመስቀል ስሙ ተፍቆ ነበርና፤ ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላ ተመለሰለት። በሸራው ላይ ግን የቀድሞውም የኋለኛውም ስም አልተጻፈም። ተመልካች ሥፍራውን ሊለየው የሚችለው በመሥመሩ ብቻ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ በእግሩ የረገጠው እንደ ሆነ።