የጠይቡ ፊርማ

በአውሮፕላን ጥገና ሴፍቲ ዋየር የሚባል ቀጭን የማይዝግ ሽቦ አለ። በብዛት የሚሠራበት ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ቴክኒሻኑ ብሎኑን በተወሰነለት ልክ ካጠበቀ በኋላ ሽቦውን በብሎኑ ራስ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ያሾልከዋል፤ ሁለቱን ጫፎች አጥፎ እየገመደ ወደ ጎረቤቱ ብሎን ይወስደዋል። ዋናው ብልሃት አቅጣጫው ላይ ነው። ሽቦው ብሎኑን ሁልጊዜ ወደሚጠብቅበት በኩል መሳብ አለበት፤ አንደኛው ሊላላ ቢቃጣ ሌላኛው ይይዘዋል። በአንድ ኢንች ውስጥ ከ6 እስከ 8 ዙር ይገመዳል። ሲያንስ ይላላል፣ ሲበዛ ሽቦው ደርቆ ይሰበራል። ፒንሳው ከጫረው ተቆርጦ ይጣላል፣ እንደገና ይጀመራል። የጥሩ ባለሙያ ሥራ በጥሩ እጅ እንደተሠራ ሹሩባ እኩል እኩል ይወርዳል፤ መጨረሻው ላይ የተረፈችው ጫፍ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች፣ ነገ የሚመጣውን ባልደረባ እጅ እንዳትወጋ። እኔን በጣም የምትገርመኝ ይህቺ የመጨረሻዋ እጥፋት ናት።

ካፒቴኑ ይህን ሁሉ አያየውም። ከመነሳቱ በፊት አውሮፕላኑን ዞሮ ጎማውን፣ ፕሮፔለሩን፣ የዘይት ጠብታ መኖር አለመኖሩን ይቃኛል፤ የሞተሩ ክዳን ግን ተዘግቷል። እሱ ዘንድ የሚደርሰው ቴክኒካል ሎግ ነው፦ ምን ተበላሸ፣ ምን ተሠራ፣ ማን ፈረመ። ፊርማው የሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር ስላለው ተጠያቂው ይታወቃል።

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት አዘዞ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው ከቆላው ያነሰ ነው፣ አውሮፕላኑም ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ወደ ሰሜን ሲታይ የስሜን ተራሮች አሉ፤ ራስ ደጀን ብቻውን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። እዚህ አገር ላይ የደከመ ሞተር ይዞ መብረር ማንም አይመኝም።

ፊርማ ብቻውን ሥራ እንደማይሆን የታየው ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. እንግሊዝ ሰማይ ላይ ነው። የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390 የፊት መስታወት ተገንጥሎ ካፒቴኑ እስከ ወገቡ ወደ ውጭ ተመዘዘ። መስታወቱን ከያዙት 90 ብሎኖች 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው በ0.66 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሰ ነበር። ሌሊት የቀየራቸው ሰው አዲሱን ብሎን ከአሮጌው ጋር በዓይኑ አመሳስሎ መረጠ፤ ሥራውን ደግሞ ሌላ ሰው አላየለትም። ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው፣ ሁሉም ተረፉ። የመሪ ክፍሎች ሲነኩ የሠራው ሰው የራሱን ሥራ ራሱ መርምሮ እንዳያሳልፍ፣ ሌላ ሰው እንዲያይለት የሚደረገው እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ ነው። መጠራጠር ቢመስልም ለባለሙያው መከበሪያው ነው።

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል፤ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት፣ የእጅ ባለሙያ ሲፈልጉ የኖሩት ንጉሥ። ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ግን ‹‹ጠይብ››፣ ‹‹ቡዳ›› እየተባሉ ይገለሉ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከእጃቸው ይቀበላል፣ ማዕድ ግን አይጋራቸውም። ዛሬ የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ብረት የሚያጠብቅ ሰው ፈርሞለት ከአዘዞ ይሳፈራል። ቢዘገይም ዕዳው ተከፍሏል ማለት ግን ይከብደኛል፤ ተሳፋሪው የሚያመሰግነው አሁንም ካፒቴኑን ብቻ ነው።

ካፒቴኑም በተራው ባለ ዕዳ ነው። ከበረራ ሲወርድ ‹‹ሞተሩ ድምፅ አለው›› ብሎ ቢጽፍ ቴክኒሻኑ ሌሊቱን ሙሉ ጥላ ሲያሳድድ ያድራል። የትኛው ሞተር? በየትኛው ከፍታ? ሲወጣ ነው ሲወርድ? መሣሪያው ምን ያነብ ነበር? ይህን አስተካክሎ መጻፍ እንደ ብሎኑ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ‹‹ድምፅ አለው›› ብቻ ብሎ የወረደ ካፒቴን፣ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢያሳርፍ፣ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።