ብፅዓትና የልጅ ኅሊና
ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የቀረበ ሐተታ

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር ታሪክ ተብሎ ይነገርለታል። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከም ወዲህ መጽሐፉን በእጁ ያልነካ ሰው እንኳ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ያውቃቸዋል። ነገር ግን የታሪኩ ሥር ከፍቅሩ አስቀድሞ የተተከለ ነው፤ ይኸውም በማንኩሳ፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ቤት፣ ስለ አንድ ሕፃን ሕይወት የተገባው ብፅዓት ነው። ወላጆቹ ልጃቸውን ሞት እንዳይነጥቃቸው ፈርተው፣ ቢያድግላቸው ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ሊሰጡት ተሳሉ። ሕፃኑ አደገ፤ ተማረም፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ተመዘዘ።

ደራሲው ይህን ሲጽፉ ከሩቅ ሆነው አልነበረም። በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋልና፣ የቆሎ ተማሪን ኑሮ፣ የዜማውንና የቅኔውን ቤት ሥርዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብፅዓት የተሰጠ ልጅ በጓደኞቹ መካከል ምን ተሸክሞ እንደሚቀመጥ ለማወቅ ቅርብ ነበሩ። የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው።

ሰው አቅሙ ባለቀ ጊዜ ይሳላል። ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የወጣ ሁሉ ይህን አይቷል፤ አንዱ ጧፍ፣ አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ ሌላይቱም በስለት ያገኘችውን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ትደርሳለች። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጧፍ የተሳለ ሰው ጧፉን ሲሰጥ ጧፉ አይጠየቅም። ልጅ ግን ያድጋል፤ አድጎም የራሱ ልብ ይኖረዋል። ውድነሽና ቦጋለ የተሳሉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ የተሳሉበት ገንዘብ ግን የእነርሱ ሳይሆን ገና ያልተናገረው ልጅ ዕድሜ ነበር።

የበዛብህን ጠባይ በዚህ መንገድ ማንበብ ይገባል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለን እንዲያስተምር ሲቀጥሩት፣ እርሱ የድኻ ልጅ፣ እርሷ የባላባት ልጅ መሆኗን ሁሉም ያያል፤ ስለዚህም ብዙ አንባቢ የሚያለቅሰው ዘር ስለ ለያቸው ነው። ይሁን እንጂ የፊታውራሪው ኃይል በውጭ ያለ ኃይል ነውና ሰው በሌሊት ተነሥቶ ሊያመልጠው ይችላል፤ በዛብህም አመለጠ። ብፅዓቱን ግን አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ሄደ። በዚያ ከተማ የሚያውቀው፣ የሚከሰውም ሰው በሌለበት፣ ከሳሹ በውስጡ ነበረ። ስለ መውደዱ ደስ ሲለው ወዲያው የሰው ዕቃ እንደ ሰረቀ ሰው ይደነግጣል።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ነገር በሌላ ስም ያውቁታል። የቪየናው ሐኪም ዚግሙንድ ፍሮይድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወላጆች ድምፅ በልጅ ውስጥ ገብቶ እንደ ዳኛ ተቀምጦ እንደሚፈርድበት ጻፈ። ይህ ሰው ሃይማኖትን ከንቱ ተስፋ ያደረገ ስለ ሆነ ምስክርነቱ በሚዛን የሚወሰድ ነው፤ ስለ ዳኛው ግን የተናገረው በበዛብህ ላይ ይታያል። ከእርሱ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው በሀንጋሪ የተወለደው ሐኪም ኢቫን ቦስዞርሜኒ ናጅ ነው። እርሱ ከአንዲት የሥራ ባልደረባው ጋር በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መጽሐፍ፣ በየቤተ ሰቡ የማይታይ የዕዳ መዝገብ እንዳለ፣ አባት ያልከፈለውንም ልጅ ሳይነግሩት እንደሚከፍል ያስረዳል። በዛብህ ዕዳውን በግልጽ ተነግሮታል፤ ስለዚህ መዝገቡ ይበልጥ ከበደበት። ሐኪሙ መዝገቡን አሳየ፤ ሐዲስ ደግሞ ከእርሱ በፊት መዝገቡን የተሸከመውን ሰው አሳዩ።

መጻሕፍት ስለዚህ ዝም አላሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 27 ሰው ስለ ሰው ሲሳል ግምቱን ወስኖ ያስቀምጣል፤ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ለሆነ ወንድ ልጅ 5 ሰቅል ብር፣ ለሴት ልጅ 3 ሰቅል ይላል፤ ተሳዩ ድኻ ቢሆን ደግሞ ካህኑ እንደ ችሎታው ይገምትለት ዘንድ ያዝዛል። ሕጉ ሰው በጭንቀት ጊዜ ከአቅሙ በላይ እንደሚናገር ያውቅ ነበርና መመለሻ በር አበጀ። የሐና ብፅዓትም እንዲሁ ሲነበብ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለው። ሳሙኤል በእናቱ ስለት ቢሰጥም፣ በሌሊት በተጠራ ጊዜ «አቤት» ብሎ የመለሰው ራሱ ነው፤ ደግሞም ኢዮኤልና አብያ የተባሉ ልጆች ነበሩት። ሐና በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሰፋች ትወጣ ነበር፤ ልብሱንም ለመስፋት ልጁ ምን ያህል እንዳደገ ማሰብ ነበረባት። ታኅሣሥ 3 ቀን በበዓታ የምትታሰበው የእመቤታችን ነገር ግን የተለየ ነው፤ በእርሷ የእግዚአብሔር ምርጫ ቀድሟልና ማንም ወላጅ ስለ ፍርሃቱ ምሳሌ አድርጎ ሊያቀርባት አይችልም።

ፊታውራሪ መሸሻም ሳይሳሉ ተስለዋል ቢባል ስሕተት አይሆንም። ልጃቸውን ለዘራቸው ሰጥተዋታል፤ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ ከዘሯ በታች ነው እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ አለፈ።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ጉዱ ካሣ ስለ ልማድና ስለ ሥርዓት በሚናገርበት ቦታ ንግግሩ ይረዝማል፤ አንባቢው በበዛብህ መንቀጥቀጥ ያየውን ነገር እንደ ገና በቃል ይነግረዋል፤ እንደዚህ ያለው ስብከት ልብ ወለዱን ያዘገየዋል። ከካህናት ወገንም በጉዱ ካሣ ምላስ ተቆጥቶ መጽሐፉን የሚያርቅ አይጠፋም። ቁጣው ግን ቦታውን ስቷል፤ ካህንን ሊያሳስበው የሚገባው የጉዱ ካሣ ተግሣጽ ሳይሆን የውድነሽ ስለት ነው። የነፍስ አባት ከተሳለችው እናት አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «የሰጠሽው የራስሽን ነው ወይስ የልጅሽን?» ብሎ ለመጠየቅ ሥልጣኑም መጽሐፉም አለው።

በመጨረሻም በዛብህ ሞተ፤ ሰብለም መነኮሰች። በዛብህ እንዲፈጽመው የተሳሉለትን ከዓለም የመለየት ኑሮ ማንም ያልተሳለላት ሴት ገባችበት። መጽሐፉ የሚያሳየው ሐዘኗን ነው፤ ቆቡን ከሐዘኗ ለይቶ ጥሪ ነበረ ለማለት ገጾቹ ለአንባቢ ብዙ ማስረጃ አይሰጡትም።