ሚያዝያ 27 ያልዘከራቸው

የድል ቀን ብለን የምናከብረው ሚያዝያ 27 ከጣሊያን ጋር የተደረገው ጦርነት ማብቂያ ቀን አይደለም። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አዛዦች የሚመራው ጦር ሲገባባት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ነበር። ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ቆይታለች። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ሲያዛውረው፣ ከደርግ ውድቀት በኋላም ወደ ሚያዝያ 27 ሲመለስ፣ የተለወጠው ድሉ በማን ስም ይጠራ የሚለው ብቻ ነው። ሁለቱም ቀኖች ጦርነቱን የሚለኩት ወደ ዋና ከተማዋ በገባው ሰው ነው። አምስቱን ዓመት ከከተማዋም ከገጠሩም ሳይወጣ፣ ጠመንጃም ሳያነሳ ያሳለፈው ሕዝብ በሁለቱም ውስጥ ስፍራ የለውም። ይህ ጉድለት ከመረጃ እጦት የመጣ አይመስለኝም፤ መንግሥት የሚያውቀውን ሕዝብ ነው ከመታሰቢያው ውጭ ያደረገው።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ የመንግሥት የራሱ ሰነድ ነው። ኢትዮጵያ በ1938 ዓ.ም. ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ያቀረበችው ዝርዝር የሟቾችን ቁጥር 760,300 ያደርሰዋል። በጦር ሜዳ የወደቁት 275,000፣ በወረራው ዘመን በውጊያ የሞቱት አርበኞች 78,500፣ በችሎት ስም የተገደሉት አርበኞች 24,000 ናቸው። ከዚያ በአየር ድብደባ የሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800፣ በየካቲት 1929 ጭፍጨፋ ያለቁ 30,000፣ በማጎሪያ ካምፕ የሞቱ 35,000 ይከተላሉ። በመጨረሻ መንደራቸው ወድሞባቸው በረኀብና በችግር ያለቁ 300,000 ሰዎች ተጽፈዋል። ከሁሉም ትልቁ ቁጥር ይህ ነው፤ በጦር ሜዳ ከወደቁት እንኳ ይበልጣል። ከድብደባው ጀምሮ ያሉትን አራት ረድፎች ብንደምር 382,800 ይሆናሉ፤ ከጠቅላላው ሟች ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ለሦስት መቶ ሺሁ ግን ቀን አልተሰየመላቸውም፤ ሐውልትም አልቆመላቸውም።

ሰነዱ ካሣ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ነውና ቁጥሩ ሳይጋነን አይቀርም የሚል መቃወሚያ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በዳናኔና በኖክራ ማጎሪያ ካምፖች አርበኞችም ታስረው ስለነበር በተዋጊና ባልተዋጋ መካከል የተሰመረው መስመር ጥርት ያለ አለመሆኑንም እቀበላለሁ። እኔ ግን ሰነዱን የማነበው ስንት ሰው እንደሞተ በትክክል ይነግረኛል ብዬ አይደለም። መንግሥት በ1938 ዓ.ም. ስለ ጦርነቱ ምን ያውቅ እንደነበር ለማየት ነው። በጣሊያን ፊት ሲቆም ያልተዋጋው ሕዝብ በአብዛኛው ያለቀው በተቃጠለ ቤትና በባዶ ጎተራ መሆኑን ያውቃል፤ በራሱ አደባባይ ሲቆም ግን የሚያወሳው ዘማቹን ነው። ቁጥሩ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ ይህ ልዩነት አይጠፋም።

የዚያን ሕዝብ ኑሮ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ገበያው ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ክረምት ሊሬን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጎ ጠገራ ብርን ለማስቀረት ሞከረ። ገበሬው ግን ጠገራ ብርን እንኳ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው አልነበረም፤ እያገላበጠ፣ በላዩ በተቀረጸችው ማርያ ትሬዛ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ነቁጦች ጥርት ብለው መታየታቸውን ሳያረጋግጥ ከእጁ አያስገባም ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ወረቀት ተቀብሎ እህሉን እንዲሰጥ ማድረግ አልተቻለም። ኢትዮጵያን የኢጣሊያ ጎተራ እናደርጋታለን ብለው የመጡት ገዥዎች ስንዴ ከውጭ ለማስገባት ተገደዱ፤ የከለከሉትን ጠገራ ብርም ሮም ውስጥ እያስመቱ መልሰው አስገቡ። በከተማው በኩል ደግሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ለነጮች ሰፈር ሲባል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ። ገበሬው እህሉን ሲከለክል ሁልጊዜ ለአገሩ ብሎ ነበር ማለት አንችልም፤ ለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለዘሩ አስቦም ይሆናል። የወራሪውን ዕቅድ ማክሸፉ ግን አይካድም፤ የድል ቀን ንግግሮች ስለዚህ የሚሉት ነገር የለም።

የካቲት 12 ሲቪሎችን ይዘክራል፣ ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልትም የእነሱ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዋጋውን ላሳንሰው አልፈልግም። በዚያ ቀን በገነተ ልዑል ግቢ የተሰበሰቡት ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ድኾች ነበሩ፤ ተመስገን ገብሬ «ሕይወቴ» በተባለው መጽሐፉ የጭፍጨፋውን ቀናት በዓይኑ እንዳየው ጽፎልናል። ነገር ግን ሐውልቱ የሚያስታውሰው በሦስት ቀን የተገደሉትን ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አስከሬን ቀብሮ፣ የተቃጠለ ጎጆውን መልሶ አቁሞ፣ በገዳዮቹ መንገድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ከአራት ዓመት በላይ የኖረውን አያስታውስም። የታረደው መታሰቢያ ሲያገኝ፣ ተርፎ የኖረው በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ እዚህ ላይ የሚነሣው ነው፦ ዝም ብሎ የኖረውን ሁሉ ከዘከርን አርበኛውን ከባንዳ በምን እንለያለን? አገር የሚጸናው በመሥዋዕትነት አርአያ ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ልብ እንበል ግን፣ መታሰቢያው ራሱ ካልታጠቁት መካከል አንዳንዶቹን ተቀብሏል፤ የውስጥ አርበኞች መረጃና ጥይት በማቀበላቸው ከተዋጊው እኩል ተከብረዋል፤ ይገባቸዋልም። የተከበሩት ግን ለውጊያው በዋሉት መጠን ነው። ለጠላት መንገድ የመራና ወገኑን ያስገደለ ሰው በሥራው ይጠየቃል፤ በሊሬ ጨው የገዛች እናት ከእሱ ጋር አንድ መዝገብ ላይ የምትወድቀው ግን ከአርበኛና ከባንዳ ሌላ ሦስተኛ ስም ስለሌለ ነው። ከጣሊያናዊ ጋር የኖረች ሴትም ዕጣዋ ይኸው ነው። በ1929 ዓ.ም. የወጣው የጣሊያን ድንጋጌ ከኢትዮጵያዊት ጋር ጎጆ የሚመሠርትን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር፤ በ1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ አባት ከእሷ የወለደውን ልጅ ልጄ እንዳይል ከለከለ። ከፋሽስቱ ሕግ በኩል የተጣለችው ይህች ሴት በነጻነት ማግሥት ከወገኖቿ በኩል አርበኛ አትባል፣ ባንዳ መባሏ ግን ቅርብ ነበር። እሷን መዘከር ባንዳውን ማጠብ አይደለም፤ እንዲያውም ጥፋቱን ከእሷ ለይቶ ለባለቤቱ መስጠት ነው።

የካሣው ታሪክም እዚሁ ላይ ይገናኛል። በዚያው የ1938 ሰነድ 525,000 የተቃጠሉ ቤቶችና አምስት ሚሊዮን የቀንድ ከብት ተቆጥረው ነበር። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰነ፤ ከዚያ ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው፤ የፈረሰ መንግሥትን የሚያቆም ሰው ሌላ ምርጫ ነበረው ብዬ አልፈርድም። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ግን በጥያቄው ውስጥ በቁጥር ከገባ በኋላ በክፍያው ላይም በበዓሉ ላይም አልተገኘም፤ ሰነዱ ዛሬም የቤቶቹን ብዛት እንጂ የየትኛው አውራጃ፣ የየትኛው መንደር እንደነበሩ አይነግረንም።