መሬት ይርገጥ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ በበቃ ቡና እርሻ ወይም ወደ ማጂ ደጋ ሲመላለስ የሚከርም መኪና ቀድሞ የሚዝለው እግሩ ነው። ጭቃውም፣ ጉድጓዱም፣ ከልክ በላይ የተጫነው የቡና ጆንያም የሚያርፈው ባሌስትራው፣ ሞላውና አሞርዛተሩ ላይ ነው። ሞተር የሚፈታ መካኒክ በከተማው ሁሉ ይወደሳል፤ የእግር ሠራተኛ ግን ስሙ ብዙም አይነሳም። እኔ ደግሞ የሠለጠነ እጅ ማየት የፈለገ ሰው የመኪና እግር ሲገጠም ቆሞ ይመልከት እላለሁ።

ላንድክሩዘር ፒካፑን እንውሰድ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ፊቱ በሞላ፣ ኋላው በባሌስትራ ስለሚቆም ሁለቱንም ሙያ ይጠይቃል።

አዲስ አሞርዛተር ከካርቶኑ እንደወጣ አይገጠምም። መንገዱን ሁሉ ተጋድሞ ስለመጣ ዘይቱ ውስጥ አየር ሊገባበት ይችላል። ነገሩን የሚያውቅ መካኒክ ቀጥ አድርጎ ያቆመውና ዘንጉን ቀስ እያለ ይጫነዋል፣ ይስበዋል፣ ደግሞ ይጫነዋል። መጀመሪያ ላይ ዘንጉ መሀል ሲደርስ ድንገት ይቀለዋል። አየሩ ወጥቶ በውስጡ ያሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ዘይት ብቻ ማሳለፍ ሲጀምሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ክብደት ይይዛል። ይህን የሚለየው መዳፉ ነው። ሞላውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የታችኛው ጫፉ መቀመጫው ላይ የተበጀለትን ቦታ እስኪያገኝ ይዞራል፣ በጣትም ይዳበሳል።

ባሌስትራው ላይ ብዙ መቆም ያስፈልጋል። ዝርግ ብረቶቹ ተነጣጥለው ሲታዩ አጭሩ ከረጅሙ ይበልጥ የጎበጠ ነው። ሲደራረቡ በመካከላቸው ክፍተት ይታያል። የመሀሉ ብሎን ሲጠብቅ ክፍተቱ ይዘጋና አጭሩ ረጅሙን ከታች ይገፋዋል፤ ረጅሙና ዋናው ብረት ገና ጭነት ሳያርፍበት ደጋፊ አገኘ ማለት ነው። የሟሸሸውን በመዶሻ መልሶ የሚያጎብጥ ባለሙያ ይህን ልዩነት የሚጠብቀው በዓይኑ ነው። ሁሉንም እኩል ካጎበጣቸው ዋናው ብረት ድጋፉን ያጣና ቶሎ ይሰበራል። ተሰብሮም ቢሆን አይጣልም፤ ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ቀጥቃጭ ገጀራ ያወጣበታል፤ የቡናው ሥር የሚመነጠረውም በእሱው ነው።

ከሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ማጥበቅ ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ የባሌስትራው ጆሮ ብሎኖች በእጅ የሚጠብቁትን ያህል ብቻ ይያዛሉ። ረዳቱ ቁልፉን ይዞ ይቸኩላል።

«ጋሼ፣ ላጥብቀው?»

«ቆይ፣ መሬት ይርገጥ።»

በጆሮው ውስጥ ያለው የጎማ ቡሽ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ ቆሞ በሚያድርበት ሰዓት እንኳ እንደተጠመዘዘ ስለሚቆይ ብዙ ሳይሠራ ይቀደዳል። ስለዚህ መኪናው ይወርዳል፣ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል፣ እግሩ ቦታውን ሲይዝ ቁልፉ ይዞራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ጎባጣ ብሎኖችም አንዱ ተጨርሶ ወደ ሌላው አይታለፍም፤ አንዱ ትንሽ፣ ከዚያ በመስቀል ማዶ ያለው ትንሽ እየተባለ ነው። ባለመኪናውም በዚያው አይሸኝም። ቡናውን ጭኖ አንድ ዙር ተመላልሶ እንዲመጣ ይነገረዋል፤ ብረቶቹ በጭነት ሲረጉ ብሎኖቹ ላላ ይላሉና እንደገና መጥበቅ አለባቸው።