በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ቢላዋ

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ከንፈሩ ሥር ለሚያልፈው ስለት ራሱን አምኖ ይሰጣል። ለዚህ የሚበጀው በትእዛዝ የተሠራ ቢላዋ ነው። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ በወናፍ በተናፋ ከሰል ይግላል፤ በጉጠት ተይዞ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይሳሳል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ውሃ የሚነካበት ቅጽበት ነው። ብረቱ አጥብቆ ሳይግል ከገባ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ከልክ በላይ ከጋለም ይሰበራል። ባለእጁ ደግሞ ሙቀቱን የሚለየው በዓይኑ ብቻ፣ ከብረቱ ቀለም ነው!

ቀጥቃጭ ሲነሣ የምትታወሰኝ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማም ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቱ ገበሬ በማረሻቸው እያረሰ፣ በማጭዳቸው እያጨደ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ይህን ግፍ ዘልዬ ሙያቸውን ማድነቅ አይሆንልኝም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱ የማጓጓዝ ዘመቻዎች ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ።

ዛሬ ገበያው በፋብሪካ ቢላዋ ተሞልቷል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። እኔ ግን የቀጥቃጩን እመርጣለሁ፤ እጀታው ቢላላ፣ ስለቱም ቢሸረፍ ወደ ሠራው ሰው ደጅ ይዤው እመለሳለሁ።