የሽቦው ዕድሜና የሳንባው ጤንነት፦ ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጀማሪዎች የሚሰጠው ምክር ሲመረመር

በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሻጮችና በነባር ተጠቃሚዎች ዘንድ ለጀማሪ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ምክር አለ። ዓላማው የመሣሪያው ማሞቂያ ሽቦ፣ ተጠቃሚዎቹ ኮይል የሚሉት ጥምጥም፣ ቶሎ እንዳይቃጠልና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ምክሩ በወረቀት ታትሞም ሆነ በቃል ሲነገር ይዘቱ ብዙም አይለያይም፤ አዲሱን ጥምጥም አስቀድሞ በፈሳሹ ማራስ፣ በዝቅተኛ ኃይል መጀመር፣ ማጠራቀሚያው ሳይጎድል መሙላት፣ አከታትሎ አለመሳብ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ መቀነስ፣ ጥምጥሙ ሲደክምም አጥቦ ወይም ቆሻሻውን አቃጥሎ እንደገና መጠቀም። ሐኪሞች ይህንን እንደ ተራ የዕቃ አያያዝ ጉዳይ ቆጥረው ያልፉታል። ነገር ግን ምክሩ በየመስመሩ የሚነካው ሰው ወደ ሳንባው የሚያስገባውን ተን በመሆኑ፣ እንደማንኛውም የጤና ምክር ሊመዘንና ሊተች ይገባዋል።

ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሠራው የመጀመሪያ መሣሪያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም፣ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት አሠራሩ ከኩራዝ ብዙ አይርቅም። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ እዚህም ጥጥ ፈሳሹን ወደ ጥምጥሙ ያደርሳል፤ ባትሪው ሽቦውን ያሞቃል፤ ፈሳሹም ይተናል። ልዩነቱ ነበልባል አለመኖሩ ነው፤ ፈሳሹ መትነን እንጂ መቃጠል የለበትም። ከፈሳሹ ዋና ክፍሎች ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188 ዲግሪ፣ ግሊሰሪን ደግሞ በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ። ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ትነቱ ሙቀቱን እየወሰደ ሽቦውን ያበርደዋል። ጋዝ ያለቀበት ኩራዝ የራሱን ክር መብላት እንደሚጀምር፣ ፈሳሽ ያጠረው ጥጥም ይከስላል። ያን ጊዜ ግሊሰሪኑ ተሰባብሮ አክሮሊን ይወጣዋል። አክሮሊን ማለት ዘይት በመጥበሻ ላይ ሲያር ከሚወጣውና ዓይንና ጉሮሮን ከሚለበልበው ጭስ ውስጥ የሚገኘው ውህድ ነው። የመጀመሪያው «ተቃጠለ» የሚያሰኝ ጣዕም እንግዲህ የኬሚስትሪ ምልክት ነው።

ምክሩ ትክክል በሆነበት መጀመር ተገቢ ነው። አዲሱን ጥምጥም አርሶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ አማርኛ ለምጣድና ለጀበና ከሚጠቀምበት «ማሟሸት» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። በአንድ ነገር ግን ይለያያል፤ ምጣድ በተጠቀሙበት ቁጥር ይሻሻላል፣ ጥምጥም ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያረጀ የሚሄድ ዕቃ ነው፤ በተለመደው አጠቃቀምም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢያገለግል ነው። ያልሟሸ ጥምጥም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳቦች ሊከስል ይችላል። ጉዳቱም ከጥቂት ፓውንድ ወይም ዶላር ኪሣራ ያልፋል። ሲጋራ ለማቆም ቆርጦ መሣሪያውን የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን አፉ ውስጥ የገባው የተቃጠለ ጥጥ ጣዕም ከሆነ፣ «ይህማ ከሲጋራ ይብሳል» ብሎ ወደ ፓኮው የሚመለስበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። በእንግሊዝ ሲጋራ ማስተው አገልግሎቶች ውስጥ በ886 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎቹ 18 በመቶ፣ የኒኮቲን መተኪያ ከወሰዱት ደግሞ 9.9 በመቶ ሲጋራ ማቆማቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ የሚገኘው ሰውየው መሣሪያውን በአግባቡ መጠቀም ሲችል ነው። በዚያችው አገር ተጠቅሞ የሚጣለው ዓይነት ሽያጭ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ጥምጥም የመቀየርና የመንከባከብ ጉዳይ ቀድሞ ለማያውቀው ብዙ ሰው ደርሷል።

ዝቅተኛ ኃይልን በሚመለከትም ምክሩ ከሳይንሱ ጋር ይስማማል፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሻጩ «ሽቦህ ይቆይልሃል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፖላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ ቮልቴጁ ከ3.2 ወደ 4.8 ሲያድግ የፎርማልዴሃይድ፣ የአሴታልዴሃይድና የአሴቶን መጠን ከ4 እጥፍ እስከ ከ200 እጥፍ በላይ ጨምሯል። በቀጣዩ ዓመት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣው አጭር ዘገባ በ3.3 ቮልት ያልታየ ፎርማልዴሃይድ አመንጪ ውህድ በ5 ቮልት በብዛት መገኘቱን ሲገልጽ፣ ከፍተኛ ክርክር ተነሣ። የተቃዋሚዎቹ መልስ ቀላል ነበር፤ በዚያ ኃይል ያ መሣሪያ ደርቆ ይቃጠላል፣ ጣዕሙም ስለማይቻል ማንም ሰው አይስበውም የሚል ነው። በዚያው ዓመት አዲክሽን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናትም ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች የደረቀውን ሳብ ወዲያው እንደሚለዩትና ከፍተኛ የአልዴሃይድ መጠን የተገኘው በዚያ ሁኔታ ብቻ እንደሆነ አስረዳ።

ይህ መልስ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም የሚያሳምነው ስለ ልምድ ያለው ሰው ነው። ጀማሪው ጉሮሮን የሚነካ ጭስ ለዓመታት የለመደ አጫሽ ነው። የተቃጠለ ጣዕም ምን እንደሚመስል የነገረው ሰው ከሌለ፣ ቁስቆሳውን የመሣሪያው ተፈጥሮ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የደኅንነቱን ጥበቃ ሁሉ ለምላስ የሚተው ምክር፣ ምላሱ ገና ያልሠለጠነውን ሰው ያለ ጠባቂ ይተወዋል። ጥምጥሙ የሚሠራበት የዋት መጠን በአብዛኛው በራሱ አካል ላይ ስለሚጻፍ፣ ጀማሪው በዚያ ወሰን ዝቅተኛ ጫፍ ላይ እንዲቆይ መንገር ከማንኛውም የጣዕም ትምህርት ይበልጣል።

ስለ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚነገረውም እንዲሁ ነው። ጥምጥሙን የሚያጠቁረው ጥቁር ቅርፊት በአብዛኛው የጣፋጭ ማሳመሪያ ቅሪት ነው፤ ከማሳመሪያዎቹ የታወቀው ሱክራሎዝ ነው። ሻጩ ስለ ቅርፊቱ ይጨነቃል፣ ሐኪሙ ግን ስለሚተነው መጨነቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሱክራሎዝ የፕሮፒሊን ግላይኮልንና የግሊሰሪንን መሰባበር እንደሚያፋጥን፣ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በዚያው ዓመት ክሎሮፕሮፓኖል የተባሉ መርዛማ ውህዶች ከእርሱ እንደሚፈጠሩ አሳይተዋል። ምክሩ እዚህ ሳያስበው መልካም ሥራ ሠርቷል። ፍራፍሬና ከረሜላ የሚሸተውን ጠርሙስ ከፊት ደርድሮ «ይህ ግን ሽቦ ይፈጃል» የሚለው ሻጭ አንዳችም ግራ መጋባት አለማሳየቱ ግን ይገርማል።

ምክሩ ፈጽሞ የሚስተው በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ላይ ነው። የደከመውን ጥምጥም በውኃ ወይም በአልኮል አጥቦ መመለስ፣ ወይም ጥጡን አውጥቶ ሽቦውን እስኪቀላ ማጋል፣ በቁጠባ ስም የሚቀርቡ ናቸው። በፋብሪካ የተገጠመ ጥጥ አንዴ ከከሰለ በመታጠብ አይድንም፤ ያላለቀ አልኮልም በተራው ይተናል። ማጋሉ ይብስበታል። ጥምጥሞች ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም ቅይጥ የሆነው ካንታል፣ ከኒኬልና ከክሮሚየም የሆነው ኒክሮም፣ ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራሉ። ሽቦው በእርጥብ ጥጥ ውስጥ ለመሞቅ እንጂ በባዶ አየር ላይ ደጋግሞ ለመቅላት አልታሰበም። የሽቦው ገጽ ሲለወጥና ሲሸረፍ ቅንጣቱ የት እንደሚሄድ ለሳንባ ሐኪም መንገር አያስፈልግም። የኒኬል ውህዶችና ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ምድብ ውስጥ ናቸው።

ከዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ይነሣል። ጥምጥም በመቆየቱ ተጠቃሚው ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ ያው መሣሪያ ሳይጸዳ ተደጋግሞ ሲሠራ በሽቦው ላይ የሚጋገረው ቅሪት እንደገና እየተሰባበረ የአልዴሃይድ ልቀቱን ከ60 በመቶ በላይ ያሳድገዋል። በዚህ መሠረት አሮጌው ጥምጥም ጎጂ ነው፤ ቶሎ ይቀየር ያሰኛል። በሌላ በኩል የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የ56 ተጠቃሚዎችን የገዛ መሣሪያ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ በተኑ ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን መካከለኛ ዋጋ ሽቦውን ገና ካልነካው ፈሳሽ ከ25 እጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከተኑ ናሙናዎች ግማሽ ያህሉም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለእርሳስ ካስቀመጠው ጤና ተኮር ወሰን አልፈዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ጥምጥማቸውን ቶሎ ቶሎ በሚቀይሩት ሰዎች ዘንድ የብረታ ብረቱ መጠን ከፍ የማለት አዝማሚያ ማሳየቱ ነው፤ አዲስ ሽቦ ብረቱን ይበልጥ ይለቃልና።

ስለዚህ አንዱ ጉዳት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፣ ሌላው ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። የተለመደው ምክር የሚያውቀው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እርሱም የጣዕም ሰዓት ነው። የተጠቃሚው አካል ግን በሁለት ሰዓት ይመራል፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ አይቆጥሩም። «ጥምጥምህን በቶሎ ቀይር» የሚል የጤና ባለሙያም፣ «እንዲቆይ አድርግ» የሚል ሻጭም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የሁለቱንም ስሌት የሚያሻሽለው በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈውን ሙቀትና የፈሳሽ መጠን መቀነስ ብቻ ነው፤ ይህም ወደ ቀረው ርዕስ ይወስዳል።

ምክሩ የዘለለው ትልቁ ነገር ኒኮቲን ነው። በለንደን ሳውዝ ባንክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 20 ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች በሚሊ ሊትር 18 ሚሊ ግራም እና 6 ሚሊ ግራም የያዘ ፈሳሽ በየተራ ተሰጥቷቸው ነበር። ኒኮቲኑ ሲያንስ ደጋግመውና ረዘም አድርገው ሳቡ፤ ብዙ ፈሳሽም ጨረሱ። አካሉ የለመደውን መጠን እስኪያገኝ ሥራውን በሽቦው ላይ ይጭናል ማለት ነው። በቀን አንድ ፓኮ ያጨስ የነበረን ሰው «ለጤናህ ቀለል ያለውን ያዝ» ብሎ ማሰናበት፣ ደግነት ቢመስልም ጥምጥሙንም ጉሮሮውንም ያደክማል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ላዕላይ ወሰኑን 20 ሚሊ ግራም አድርጎታል፤ በዚያ ወሰን ውስጥ በቂ የሆነ መጠን ይዞ መጀመርና ኋላ ቀስ እያሉ መውረድ ይቻላል። «አከታትለህ አትሳብ» የሚለው ትእዛዝ ኒኮቲን የጎደለውን ሰው መገሠጽ እንጂ መርዳት አይደለም። በእንግሊዙ ጥናት ሲጋራ ካቆሙት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች 80 በመቶው ከዓመት በኋላም መሣሪያውን አለመተዋቸው ደግሞ፣ ስለ ሽቦው ዕድሜ የሚመክረው ሁሉ ስለ መሣሪያው ማብቂያ ምንም እንደማይል ያስታውሳል።

በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ለንግድ ማስገባትና መሸጥ ከልክሏል። በመሆኑም እዚህ ላለ ሐኪም የሚደርሰው ተጠቃሚ ከውጭ አገር የመጣ ወይም ሕጋዊ ባልሆነ መንገድ ያገኘ ሰው ነው፤ የጥምጥም መለዋወጫና ምንጩ የታወቀ ፈሳሽ ለማግኘት የሚቸገረውም እርሱ ነው። ስለዚህ አንዱን ጥምጥም ለወራት የሚያጥብ፣ የሚያግልና የሚጎትት ሕመምተኛ ቢመጣ አያስደንቅም። «ታጨሳለህን?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ይህን አያወጣውም፤ እርሱ በአብዛኛው «አይ፣ ትቻለሁ» ብሎ ይመልሳልና። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይዞ ሲመጣ በምን እንደሚስብ፣ ፈሳሹን ከየት እንዳገኘ፣ ጥምጥሙን መቼ እንደቀየረና እንዴት እንደሚያጸዳው መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካን ያስደነገጠውና እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ 68 የገደለው የሳንባ ጉዳት ከካናቢስ ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀለው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር በጥብቅ የተያያዘ በመሆኑ፣ የፈሳሹ ምንጭ ጥያቄ ከጥምጥሙ ጥያቄ መቅደም አለበት።

አንድ ቡድን ግን ከሁሉም በላይ ትኩረት ይሻል። ምክሩ በሙሉ «ጣዕሙ ሲለወጥ ቀይር» በሚለው ላይ የቆመ ነው። በረጅም ዘመን ማጨስ፣ በአፍንጫ ውስጥ እባጭ ወይም ከኮቪድ በኋላ ማሽተት የተሳነው ሰው ይህ ምልክት የለውም፤ የደረቀውን ሳብ ከእርጥቡ ሳይለይ ሊቀጥል ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ መቀየሪያው ጊዜ በቀን ተቆጥሮ ይጻፍለት፤ ጥጡን አውጥቶ በዓይኑ እንዲያይ፣ ከጠቆረም በዚያው ቀን እንዲጥለው ይነገረው።